የእናቱን መርዶ በባዕድ ምድር የሰማው ሐዋርያ፦ ቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ

ወንጌልን ለማገልገል ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከኋላው የሚተወው ወገን አለው። ካህኑም፣ ደናግሉም፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚመላለሰው የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ይህን ያውቁታል። በአገልግሎት ላይ ሳሉ የአባት ወይም የእናት ሞት ሲሰማ ግን ነገሩ ይከብዳል። ልቡ የተሰበረ ሰው ሌሎችን ሊያጽናና ይችላልን? ማልቀስስ የእምነት ጉድለት ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን የመካከለኛው አፍሪካ ሐዋርያ የሆነውን የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒን ሕይወት ልንመለከት ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳንኤል በሰሜን ኢጣሊያ፣ በጋርዳ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በሊሞኔ መጋቢት 15 ቀን 1831 ተወለደ። አባቱ ሉዊጂ በሰው የሎሚ እርሻ አትክልተኛ ሆኖ የሚሠራ፣ እናቱ ዶሜኒካ ፓቼም እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። ከወለዷቸው ስምንት ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሰው ዳንኤል ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ሞት ነጠቃቸው። ስለዚህ ዳንኤል ለወላጆቹ አንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን የቀረላቸው ተስፋና የእርጅናቸው ምርኩዝ ነበረ። ድሆች በመሆናቸውም በ1843 አባ ኒኮላ ማሳ በቬሮና ለችግረኛ ልጆች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም አድጎ ታኅሣሥ 31 ቀን 1854 የክህነት ማዕረግ ተቀበለ።

አባ ማሳ ወደ መካከለኛው አፍሪካ የሚሄዱ ካህናትን ሲያዘጋጁ ወጣቱ ካህን ልቡ ከእነርሱ ጋር ነበር። ይሁን እንጂ ጽኑ ትግል ገጠመው። በአንድ በኩል ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ጥሪ፣ በሌላ በኩል ያለ ጧሪ የሚቀሩት አባትና እናቱ ነበሩ። የወላጆቹን ነገር እንደ ቀላል አልቆጠረውም፤ በሱባዔ ጸለየ፣ ምክርም ጠየቀ። በመጨረሻ አባ ጆቫኒ ማራኒ የተባሉት መንፈሳዊ መካሪ ጥሪው የእግዚአብሔር መሆኑን አረጋገጡለት። ወላጆቹም እያዘኑ መረቁት።

በመስከረም 1857 ጉዞው ተጀመረ። ኮምቦኒ በመንገዱ ላይ ቅድስት አገርን ተሳለመ፤ ከኢየሩሳሌምም ያየውን ሁሉ በዝርዝር ለወላጆቹ ጻፈላቸው። ጓደኞቹ ካህናት አባ ጆቫኒ ቤልትራሜ፣ አባ አሌሳንድሮ ዳል ቦስኮ፣ አባ አንጀሎ ሜሎቶና አባ ፍራንቸስኮ ኦሊቦኒ ነበሩ። በጥር 1858 ካርቱም ደረሱ። ከዚያም በነጭ ዓባይ ላይ በመርከብ ሽቅብ ተጉዘው የካቲት 14 ቀን በዲንቃ ሕዝብ መካከል ወደሚገኘው የቅዱስ መስቀል ጣቢያ ገቡ። ይህ ስፍራ ዛሬ በደቡብ ሱዳን ውስጥ ነው።

ሥራቸው ቋንቋውን መማርና በዚያው ቋንቋ ክርስትናን ማስተማር ነበር። ነገር ግን ገና ሁለት ወር ሳይሞላ መጋቢት 26 ቀን አባ ኦሊቦኒ በወባ ትኩሳት ዐረፉ። እኒህ ካህን በሞት አልጋ ላይ ሆነው፣ ጓደኞቻቸው ጥቂት ቢቀሩም እንኳ ሥራውን እንዳይተዉ አደራ አሉ። ኮምቦኒ ይህን አደራ በሕይወቱ ሙሉ አልረሳውም። እርሱ ራሱም በተደጋጋሚ በትኩሳት ወድቆ ለሞት ተቃርቦ ነበር።

በዚህ መካከል ሐምሌ 14 ቀን 1858 ዶሜኒካ በሊሞኔ ዐረፈች። ልጇ ግን በሩቁ የዓባይ ዳርቻ ሆኖ ምንም አላወቀም። በዚያን ዘመን ደብዳቤ የሚደርሰው መርከብ ሲመጣ ብቻ ነበርና፣ መርዶውን የሰማው ከአራት ወር በኋላ፣ በኅዳር ነው።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ዘመድና ወዳጅ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሐዘንተኛውን ከበው ነው። ለቅሶ ደራሹም ቀናት ሙሉ ቤቱን አይለይም። ኮምቦኒ ግን ከወገን ርቆ፣ ከደከሙ ጥቂት ወንድሞች ጋር፣ መቃብሯን ሳያይ መራራውን ወሬ ተቀበለ። ከአካባቢያችን ወደ ባዕድ አገር ሄደው የወላጃቸውን ሞት በስልክ የሚሰሙ ልጆች ይህ ሐዘን ምን እንደሚመስል ያውቁታል።

ታዲያ ምን አደረገ? በዚያው በኅዳር ወር ለአባቱ ጻፈ። በደብዳቤው ሐዘኑን አልሸሸገም፤ ነገሩን ማመን እንዳቃተው ሰው ይጠይቃል። በልጆች ተከብቦ የነበረው አባቱ ብቻውን መቅረቱንም እያሰበ ይጨነቃል። ሆኖም በዚያ አልቀረም። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ባረከ፤ እናቱ ቀድመዋት ከሄዱት ልጆቿ ጋር በሰማይ መገናኘቷን አስቦ አባቱን አጽናና። እንግዲህ ሐዘንተኛው ልጅ ሐዘንተኛውን አባት አበረታ ማለት ነው። ሁለቱም ነገሮች፣ እንባውም ምስጋናውም፣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ይገኛሉ።

በጥር 1859 ሚስዮናውያኑ ቅዱስ መስቀልን ለቀው ወደ ካርቱም ተመለሱ። በዚያው ዓመት አባ ሜሎቶ በካርቱም ዐረፉ፤ ኮምቦኒም ጤናው ተጎድቶ ወደ ኢጣሊያ ገባ። እናቱ በሌለችበት ቤት አባቱን አገኘ። ብዙዎች የእርሱ አገልግሎት በዚህ ያበቃል ብለው ሊያስቡ ይችሉ ነበር፤ እርሱ ግን ለአፍሪካ የነበረውን ፍቅር አልተወም።

በመስከረም 1864 በሮም፣ በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ሲጸልይ አፍሪካ በራሷ ልጆች አማካይነት የምትታደስበትን ዕቅድ ፀነሰ። በ1867 በቬሮና የወንዶች ሚስዮናውያንን፣ በ1872 የደናግል እኅቶችን ማኅበር መሠረተ። በ1873 ካህናትን፣ እኅቶችንና አፍሪካውያት መምህራትን እየመራ ከካይሮ በዓባይና በበረሃ አድርጎ ካርቱም ገባ። በ1877 ጵጵስና ተሾመ። ወዲያውም ታላቅ ድርቅና ረኃብ ሆኖ ብዙ ሚስዮናውያን ሞቱበት። ያን ጊዜም እያዘነ የቀሩትን ይመራና ያጽናና ነበር። ለአባቱ መጻፍንም እስከ ሕይወቱ መጨረሻ አላቋረጠም። ጥቅምት 10 ቀን 1881 በ50 ዓመቱ በካርቱም ዐረፈ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1996 ብፅዕናውን፣ ጥቅምት 5 ቀን 2003 ደግሞ ቅድስናውን ዐወጁ። ልጆቹ የኮምቦኒ ሚስዮናውያንና እኅቶች በአገራችንም፣ በተለይ በሐዋሳ ቪካሪያት፣ የወንጌልን ዘር ዘርተዋል።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ወላጅን መውደድና ጥሪን መከተል ጠላቶች አይደሉም፤ ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል። ሁለተኛ፣ ማልቀስ ክህደት አይደለም፤ ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና። ሦስተኛ፣ ሐዘን ሰውን ወደ ራሱ ብቻ እንዲመለከት ሊያደርገው ይችላል፤ ኮምቦኒ ግን ከእርሱ ይልቅ ብቻውን የቀረውን አባቱን አሰበ። እኛም በሐዘን ላይ ያለ አገልጋይ በቊምስናችን ቢኖር ጠንክር ብለን ብቻ አንለፈው። ሸክሙን እንካፈለው፣ የሟቹንም ስም በቅዳሴ እናስብ፤ ማረፍ ካስፈለገውም ጊዜ እንስጠው። ኮምቦኒ በባዕድ ምድር ያጣውን ለቅሶ ደራሽ እኛ ለወንድማችን እንሁንለት።

በአገልግሎት ላይ ሳሉ ወላጆቻቸውን ያጡትን ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናናልን፤ ለሟቾቹም ዘለዓለማዊ ዕረፍትን ይስጥልን። የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።