ወገቡን የታጠቀው ባስልዮስ

ቅዳሴ ባስልዮስ ሲባል ስሙን እንሰማለን፤ ሥራውን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

ባስልዮስ እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በቀጰዶቅያ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። በአቴና ተምሮ ሲመለስ የዓለምን ክብር ትቶ መነኰሰ። በ369 ገደማ በቂሣርያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባለጸጎች ዋጋው እስኪንር እህላቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ገና ቄስ የነበረው ባስልዮስ በስብከቱ ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ። ሰብኮ ብቻ ወደ ቤቱ አልገባም፤ የተራቡትን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሰብስቦ፥ ጌታን አብነት አድርጎ ወገቡን ታጥቆ፥ የጥራጥሬ ሾርባ በገዛ እጁ ያድላቸው ነበር። በ370 ጳጳስ ሆኖ ከተሾመም በኋላ ከከተማው ውጭ ለሕሙማንና ለእንግዶች ትልቅ ማረፊያ አሠራ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ቀርቦ ይስማቸው ነበር።

ጉድለት አልነበረበትም አንልም፤ ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳይወድ ሳሲማ በምትባል ትንሽ ስፍራ ሾሞ አሳዝኖታል።

የአርዮሳዊው ንጉሥ የዋሌንስ ሹም ሞዴስጦስ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ንብረቱን እወርሳለሁ ብሎ ዛተበት። የሚወረስ ግን ከአሮጌ ልብስና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር አልነበረውም። በ379 ሲቀበር አይሁድና አሕዛብ ጭምር አለቀሱለት።