የእቴጌ ምንትዋብ የሕይወት ታሪክ

ከጉባ በስተ ሰሜን የሚገኘው ቆላ የቋራ ምድር ነው። ከዚያ ምድር ተወልደው በጎንደር ለአንድ ንጉሥ ሚስት፣ ለአንዱ እናት፣ ለአንዱም አያት ሆነው የኖሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ዘመናቸው ረጅም፣ ሥራቸውም ብዙ ነበር። ነገር ግን ከመንግሥታቸው ነገር ይልቅ ሰውን የሚያስተምረው የቤታቸው ነገር ነው። ዘመዶቻቸውን አንድ አድርገው ለማኖር እጅግ ደከሙ፤ ያም ድካም ሲፈርስ በዓይናቸው አዩ፤ ከፈረሰውም መካከል ሳይፈርስ የቀረ ነገር ትተው አለፉ።

እቴጌ ምንትዋብ በ1698 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዐፄ በካፋ ራሳቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ በቋራ ታመው ወደቁ፤ ያስታመመቻቸውም የቤቱ ልጅ ምንትዋብ ነበረች። ንጉሡም በዳኑ ጊዜ ውለታዋን ሳይረሱ አገቧት ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ይሁን ወይም አይሁን፣ ሕዝቡ እቴጌይቱን ሲያስብ በመጀመሪያ የሚያስባቸው በበሽተኛ አልጋ አጠገብ መሆናቸው ስለ ጠባያቸው ይመሰክራል።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ስለዚህ እቴጌይቱ በዚያው ዓመት ዘውድ ጭነው ስለ ልጃቸው መንግሥቱን ይጠብቁ ጀመር። በ1725 ዓ.ም. መኳንንቱ ሌላ ሰው እናነግሣለን ብለው ግቢውን ከበቡ፤ ከከተማውም ብዙው ተቃጠለ። እቴጌይቱ ግን ሕፃኑን ይዘው ከአውራጃ የመጣው ጦር እስኪደርስላቸው ድረስ በግቢው ውስጥ ጸኑ።

ሰላም በሆነ ጊዜ ወደ ሕንፃ ሥራ ተመለሱ። ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን አሠሩ፤ መኖሪያቸውንም ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አደረጉ። ቍስቋም እመቤታችን ከሕፃኗ ጋር ከሄሮድስ ሸሽታ ያረፈችበት የግብፅ ተራራ ነው። ሕፃን ልጅ ይዛ ጦር የከበባት እናት ይህን ስም መምረጧ የሚያስደንቅ አይደለም። በጣና ሐይቅም በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ሲማጸኑ የሚያሳየው ሥዕላቸው እስከ ዛሬ ይታያል።

ቤተሰባቸውን በጋብቻ እያያያዙ አገሩን ለማስማማት ፈለጉ። ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ከኦሮሞ ባላባት ወገን የሆኑትን ወይዘሮ ውቢትን አገቡ። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ታላቁን ራስ ኃይሉን ወለዱ። ወይዘሮ አስቴርም የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑል የመንግሥቱ ዋና መካሪ ነበሩ። ነገር ግን ለቋራ ዘመዶቻቸው ሹመቱን አብዝተው ስለ ሰጡ በሌላው ወገን ዘንድ ቅንዓትና ቅሬታ አደገ። እናት ለወገኗ ማድላቷ በተፈጥሮ የሚገኝ ነው፤ በመንግሥት ላይ ግን ዋጋ አስከፈለ።

ዐፄ ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. አረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም ነገሡ። ከዚህ በኋላ የአያቲቱ ወገንና የእናቲቱ የወይዘሮ ውቢት ወገን በአንድ ዙፋን ዙሪያ ተፋጠጡ። ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ጠቡን ይዘውት ነበር፤ እርሳቸው በ1759 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ግን የሚይዘው ጠፋ። ራስ ሚካኤል ተጠርተው ጎንደር ገቡ፤ ሰላም ግን አልመጣም። በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ። እንግዲህ የልጅ ልጃቸውን ያስገደለው የልጃቸው ባል ነበረ። በሁለት ወገን የሚያለቅሱ እናት ሆኑ።

ከዚህ በኋላ እቴጌይቱ የመንግሥትን ነገር ትተው በቍስቋም ተቀመጡ። በ1762 ዓ.ም. ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ በሽታ በከተማው ነበረ። እርሱ እንደ ጻፈው፣ በቍስቋም ግቢ የታመሙትን እንዲያይ አስጠሩት፤ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉም ዳነ። ያ ሰው የመጣው የዓባይን ምንጭ ለማየት ነበረ። እቴጌይቱ ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተደነቁ። ኢየሩሳሌምን ያህል ቅዱስ አገር ሰው ትቶ ወንዝ ለማየት መምጣቱን አላስተዋሉትም፤ እርሳቸው ግን እንጀራ እየለመኑም ቢሆን የጌታን መቃብር ደጅ ለመሳለም ይመኙ ነበርና። ምኞታቸው ሳይፈጸም በ1765 ዓ.ም. አረፉ።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የቍስቋም ሕንፃም ተጎዳ። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኑ ዳግመኛ ተሠርቶ ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ የእርሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅምም በዚያው በአንድነት ይጠበቃል። በሕይወት ሳሉ ጠብ የለያየውን ቤት ቤተ ክርስቲያን ሰበሰበችው።

እቴጌ ምንትዋብ ያደነቁት ወንዝ ከናርጋ ሥላሴ ሐይቅ ወጥቶ፣ ጎጃምን ዙሮ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ታላቁ ግድብ ወደ ተመረቀበት ወደ ጉባ ይደርሳል። በዚህ በዓል ደብራቸውን የሚያስቡ ካህናትና ምእመናን በየቤታቸው ያሉትን አረጋውያት እናቶች ደግሞ ያስቡ። ሹመትና ሀብት የሚያጣላውን ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ለመሰብሰብ የሚደክሙት እነርሱ ናቸውና፤ ድካማቸውን በሕይወት ሳሉ የሚያግዝ ልጅ ብፁዕ ነው። የእቴጌይቱን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።