ሳይቋቋም የቀረው ባንድ

ከአሰበ ተፈሪ ደጋ ወደ ሚኤሶ ጣቢያ ወርዶ ባቡር ይሳፈር የነበረ መንገደኛ አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ስንቁ ቢሟላ፣ የመሳፈሪያው ገንዘብ በእጁ ቢሆን፣ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ከደረሰ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። በሙዚቃ ታሪክም ባለሙያዎቹ እያሉ፣ ፍላጎቱም ሳይጎድል፣ ጊዜው ባለመግጠሙ ሳይቋቋሙ የቀሩ ባንዶች አሉ። የጊታር ተጫዋቹ የጂሚ ሄንድሪክስ አጭር ሕይወት ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሄንድሪክስ በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው)። ግራኝ ስለ ነበረ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ፣ ክሮቹን እንደገና አስሮ ይጫወት ነበር። በ1961 ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ በአየር ወለድ ክፍል ሲያገለግል ከባስ ጊታር ተጫዋቹ ከቢሊ ኮክስ ጋር ተዋወቀ። በተከታዩ ዓመት ከተሰናበተ በኋላ ለሊትል ሪቻርድና ለአይስሊ ወንድማማቾች በአጃቢነት እየተጫወተ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ቆየ።

በ1966 ቻስ ቻንድለር የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ለንደን ወሰደው። በዚያም ከከበሮ መቺው ከሚች ሚቼልና ከባስ ተጫዋቹ ከኖኤል ሬዲንግ ጋር አንድ ባንድ አቋቁሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ስሙ ገነነ። ይሁን እንጂ ሦስቱ አብረው የዘለቁት እስከ ጁን 1969 ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ኦገስት 18 ቀን ሄንድሪክስ የዉድስቶክን ታላቅ ትርዒት በጊታሩ ዘጋ። በማግሥቱ ደግሞ የጃዝ መለከት ነፊው ማይልስ ዴቪስ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎችን ከጃዝ ጋር ያዋሐደበትን ሥራ መቅዳት ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች ከተለያየ መንገድ ወደ አንድ ስፍራ እየተቃረቡ ነበር። ኦክቶበር 21 ቀን 1969 ሄንድሪክስ፣ ዴቪስና ከበሮ መቺው ቶኒ ዊልያምስ ኒው ዮርክ ላይ አብረው ሊቀዱ ማሰባቸውን ገልጠው፣ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ መጥቶ ባስ እንዲጫወትላቸው ወደ ለንደን ቴሌግራም ላኩ። ማካርትኒ ግን ለዕረፍት ከከተማ ወጥቶ ስለ ነበረ መልሱን የሰጠው የቢሮው ሰው ነበር። አዘጋጁ አላን ዳግላስ በኋላ እንደ ተረከው ደግሞ፣ ዴቪስ ከቀረጻው አስቀድሞ 50,000 ዶላር ጠየቀ፤ ዊልያምስም ያንኑ ያህል ሲጠይቅ ነገሩ ተበተነ።

ማን ከማን ጋር ይጫወታል የሚለው ጉዳይ በችሎታ ብቻ አለመወሰኑ ለአዲስ አበባም ባዳ አልነበረም። በዚያው በ1969 አምኃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ከታወቁት ድምፃውያንና ተጫዋቾች ብዙዎቹ የክብር ዘበኛ ወይም የፖሊስ ኦርኬስትራ ባልደረቦች ስለ ነበሩ፣ ከሙያቸው ሌላ የአለቃ ፈቃድም የሚያሳስባቸው ነበሩ።

ሄንድሪክስ ከቢሊ ኮክስና ከበዲ ማይልስ ጋር ያቋቋመው አዲስ ባንድ ደግሞ ከጥቂት ወራት በላይ አልቆየም። በ1970 ኪዝ ኤመርሰንና ግሬግ ሌክ የተባሉት የፕሮግሬሲቭ ሮክ ሙዚቀኞች ከበሮ መቺ ሲፈልጉ ሚች ሚቼልን አነጋገሩ። ከዚህም የተነሣ ሄንድሪክስ ራሱ አብሯቸው ሊጫወት ነው የሚል ወሬ በሙዚቃ ጋዜጦች ተነዛ። ሆኖም ቦታውን የያዘው ካርል ፓልመር ሆነ፤ ሦስቱም በኦገስት መጨረሻ በዋይት ደሴት ትርዒት አሳዩ። ሄንድሪክስም በዚያው ደሴት፣ በዚያው ትርዒት፣ ከእነርሱ በኋላ በሌላ ሌሊት ተጫወተ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 በለንደን ሲሞት ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ኒው ዮርክ ያሠራው የራሱ ስቱዲዮ ከተመረቀ ገና አንድ ወር አልሞላውም። ከአቀናባሪው ከጊል ኢቫንስ ጋር ሊመካከሩ የያዙት ቀጠሮም ሳይፈጸም ቀረ። ማይልስ ዴቪስ ሲያትል ድረስ ሄዶ ከቀብሩ ላይ ተገኘ። ኢቫንስም በ1974 የሄንድሪክስን ዜማዎች ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናብሮ አስቀዳ፤ ጊታሩን የያዙት ግን ሌሎች እጆች ነበሩ። ያ ቴሌግራም ዛሬም ተጠብቆ ይገኛል። በላዩ ስማቸው የሰፈረው ሦስቱ ሰዎችና የተጠራው አራተኛው ግን በአንድነት አንድም ዜማ ሳይጫወቱ ቀሩ።