ሚሎሼቪችን ለፍርድ አሳልፈው የሰጡት ዞራን ጂንጂች

ዩጎዝላቪያ የምትባል ሀገር ነበረች። በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ፣ በባልካን ምድር፣ ስድስት ሪፐብሊኮችን በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ይዛ ኖራለች። መሪዋ ማርሻል ቲቶ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ወዳጅ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የቆመውን የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ሐውልት የሠሩትም ከዚያች ሀገር የመጡ ቀራፂያን ናቸው። ሐውልቱ ዛሬም በቦታው አለ። ሀገሪቱ ግን የለችም።

ቲቶ እ.ኤ.አ በ1980 ካረፉ በኋላ የየሪፐብሊኩ መሪዎች በየወገናቸው ስም መናገር ጀመሩ። በሰርቢያ ስሎቦዳን ሚሎሼቪች የሰርቦችን ቅሬታ መሰላል አድርገው ወደ ሥልጣን ወጡ። እ.ኤ.አ በ1991 ስሎቬኒያና ክሮኤሺያ ነጻነታቸውን አወጁ፤ በዓመቱ ጦርነቱ ወደ ቦስኒያ ተሻገረ። በቦስኒያ ብቻ 100 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ስሬብሬኒሳ በተባለች አንዲት ከተማ በ1995 በጥቂት ቀናት ውስጥ 8 ሺህ ያህል ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተረሸኑ። በአንድ መንደር ቡና ይጣጡ የነበሩ ጎረቤታሞች እርስ በርሳቸው ተጨራረሱ።

ይህን ሁሉ ማን ይጠየቅበት? የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ገና ጦርነቱ ሳይበርድ፣ እ.ኤ.አ በ1993፣ በኔዘርላንድ ዘ ሄግ ከተማ ልዩ ፍርድ ቤት አቋቋመ። ፍርድ ቤቱ ዳኛ ነበረው፤ ዐቃቤ ሕግም ነበረው። ፖሊስ ግን አልነበረውም። ትልልቆቹ ተከሳሾች በሀገራቸው በጠባቂ ተከበው ይኖሩ ስለነበር፣ ከውስጥ በር የሚከፍት ሰው ካልተገኘ የክስ መዝገቡ ወረቀት ሆኖ መቅረቱ ነበር። በሰርቢያ በሩን የከፈቱት ሰው ዞራን ጂንጂች ይባላሉ።

ጂንጂች እ.ኤ.አ ኦገስት 1 ቀን 1952 በቦስኒያ ግዛት፣ በቦሳንስኪ ሻማጽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዩጎዝላቪያ ጦር መኮንን ነበሩ። በቤልግሬድ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲያጠኑ ከክሮኤሺያና ከስሎቬኒያ ተማሪዎች ጋር ሆነው ከፓርቲው ነጻ የሆነ የተማሪዎች ንቅናቄ ለማቋቋም ሞከሩ፤ በዚህም ተከሰው ተፈረደባቸው። ከዚያ ወደ ጀርመን አቀኑ። እ.ኤ.አ በ1979 ከኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና በኖቪ ሳድ ማስተማር ጀመሩ። እ.ኤ.አ በ1989 መጨረሻ ከጓደኞቻቸው ጋር ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሠረቱ፤ በ1994 መሪው ሆኑ።

የሕይወታቸው ታሪክ እስከዚህ ድረስ የአንድ ምሁር ታሪክ ይመስላል። ሆኖም ንጹሕ ገጽ ብቻ ያለው አይደለም። በዚያው በ1994 የቦስኒያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ጂንጂች የቦስኒያ ሰርቦች መሪ የነበሩትን ራዶቫን ካራጂችን ለመጎብኘት ፓሌ ወደተባለች ተራራማ ከተማ ሄዱ። በዚያም አንድ ሙሉ በሬ ተጠብሶ ቀረበ፤ ጂንጂችም ሲበሉ ፎቶግራፍ ተነሱ። ከተራራው በታች የምትገኘው ሳራዬቮ በዚያን ጊዜ በከበባ ውስጥ ነበረች። ያ ፎቶግራፍ ዕድሜ ልካቸውን ተከትሏቸዋል፤ መከተሉም ተገቢ ነው። የሰርቦችን ድምፅ ለማግኘት ያደረጉት እንደሆነ የሚከራከሩላቸው አሉ። ይህ ግን ሥራውን ያብራራ እንደሆነ እንጂ አያነጻውም።

በሀገር ቤት ኑሮ ገደል ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ1993 መንግሥት የ500 ቢሊዮን ዲናር ገንዘብ ኖት እስከ ማተም ደረሰ። ጡረተኛው የወር አበሉን ተቀብሎ ገበያ እስኪደርስ ዋጋው ይረግፍበታል። በ1996 መገባደጃ ተቃዋሚዎች ቤልግሬድን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች የአካባቢ ምርጫ ሲያሸንፉ ሚሎሼቪች ውጤቱን ሰረዙ። ሕዝቡም ክረምቱን ሙሉ፣ በበረዶ ውስጥ፣ ለሦስት ወራት ያህል በየቀኑ አደባባይ ወጣ። መንግሥት በመጨረሻ እጁን ሰጠ፤ ጂንጂችም እ.ኤ.አ በ1997 የቤልግሬድ ከንቲባ ሆኑ። ከወራት በኋላ ግን የራሳቸው አጋሮች ከድተዋቸው ከመንበሩ ወረዱ።

ቀጥሎ የኮሶቮ ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ በ1999 የኔቶ አውሮፕላኖች ሰርቢያን ለ78 ቀናት ደበደቡ፤ በዚያው ወቅት የሄጉ ፍርድ ቤት ሚሎሼቪችን በሥልጣን ላይ እንዳሉ ከሰሳቸው። ጂንጂች ለሕይወታቸው ሰግተው ወደ ሞንቴኔግሮ ሸሹ። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም ከሀዲ ተብለው ተወገዙ።

በሴፕቴምበር 2000 ምርጫ ተደረገ። አሥራ ስምንት ተቃዋሚ ፓርቲዎች በአንድነት ቮይስላቭ ኮሽቱኒሳን ለፕሬዚዳንትነት አቀረቡ። ጂንጂች ራሳቸው ብዙዎች እንደማይወዷቸው ያውቁ ስለነበር ዕጩ ከመሆን ይልቅ የቅስቀሳው አደራጅ መሆንን መረጡ። ኮሽቱኒሳ አሸነፉ፤ ሚሎሼቪች ግን አልለቅም አሉ። የኮሉባራ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ ፖሊስ ሲላክባቸው የአካባቢው ሕዝብ ወጥቶ አገዛቸው። ኦክቶበር 5 ቀን ከየገጠሩና ከየአነስተኛ ከተማው ሕዝብ ወደ ቤልግሬድ ጎረፈ። ከቻቻክ ከተማ የተነሱት ከባድ የግንባታ ማሽኖች ጭነው ነበር የመጡት፤ ፖሊስ መንገድ የዘጋበትን ሁሉ እየጠረጉ አለፉ። አንድ ሎደር በመንግሥት ቴሌቪዥን ጣቢያው ሕንፃ ላይ ተነዳ። ሕዝቡ ቁጣውን ከፓርላማው ቀጥሎ ያሳረፈው በቴሌቪዥን ጣቢያው ላይ መሆኑ ለዓመታት የጦርነት ወሬ ሲነዛበት ለኖረ ሕዝብ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ቀን የሚሎሼቪች ዘመን አበቃ።

በዚያች ዋዜማ ግን ከሕዝብ ዓይን የራቀ አንድ ስምምነት ተደርጎ ነበር። ቀይ መለዮ ለባሾች ተብሎ የሚጠራ የመንግሥት ደኅንነት ልዩ የውጊያ ክፍል አለ፤ አባላቱ በክሮኤሺያና በቦስኒያ ጦርነቶች ያለፉ፣ እጃቸው በደም የተነከረ ሰዎች ናቸው። አዛዡ ሚሎራድ ኡሌሜክ ነበር። ጂንጂች ከዚህ ሰው ጋር በምሥጢር ተገናኙ፤ ሰውየውም በሕዝቡ ላይ እንደማይተኩስ ቃል ሰጠ፤ ቃሉንም ጠበቀ። በዚህ ምክንያት የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል ቢባል ማጋነን አይደለም። ታዲያ ታጣቂዎቹ ከነመሣሪያቸውና ከነክብራቸው ወደ አዲሱ ሥርዓት ተሻገሩ። ወንጀል የሠራው ክፍል ወንጀል ሊመረምር ለተነሳው መንግሥት ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ለውጡ ከተወለደ ጀምሮ የተሸከመው ዕዳ ይህ ነበር።

ጂንጂች በጃንዋሪ 2001 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኤፕሪል 1 ቀን ንጋት ላይ፣ በቤልግሬድ መኖሪያ ቤታቸው ከተደረገ ረጅም ፍጥጫ በኋላ፣ ሚሎሼቪች በሙስናና ሥልጣንን ያለአግባብ በመጠቀም ተጠርጥረው ታሰሩ። ብዙ ሰርቦች በሀገራቸው ፍርድ ቤት ይዳኛሉ ብለው አስበው ነበር። ኋላ ላይ ግን ሌላ ጉድ ወጣ። በ1999 በዳኑብ ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ የተገኘ የማቀዝቀዣ የጭነት መኪና በኮሶቮ የተገደሉ አልባኒያውያን አስከሬን የሞላው እንደነበር ይፋ ሆነ። በቤልግሬድ ዳርቻ ባታይኒሳ በሚገኝ የፖሊስ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥም የጅምላ መቃብር ተቆፈረ፤ ከ700 በላይ አስከሬን ወጣ። ሬሳ ከኮሶቮ ተጭኖ፣ ሀገር አቋርጦ፣ በዋና ከተማዋ አፍንጫ ሥር ተቀብሮ ኖሯል። ወሬው የጠላት ፈጠራ ነው ሲል የነበረው ሰው ዝም አለ።

ጁን 28 ቀን 2001 ደረሰ። ቀኑ ለሰርቦች ተራ ቀን አይደለም፤ እ.ኤ.አ በ1389 በኮሶቮ ሜዳ ከኦቶማን ቱርኮች ጋር የተዋጉበት፣ የቅዱስ ቪድ በዓል ነው። ሚሎሼቪች በ1989 በዚያው ሜዳ ላይ ለሕዝብ ባሕር ንግግር ያደረጉትም በዚሁ ዕለት ነበር። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተከሳሾችን ለሄግ ለመስጠት የወጣውን ደንብ አገደ። ጂንጂች ካቢኔያቸውን ሰበሰቡና የሰርቢያ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ጠቀሱ፤ የፌዴራል አካላት ውሳኔ የሰርቢያን ጥቅም የሚጎዳ ከሆነ ሪፐብሊኳ በራሷ መወሰን ትችላለች የሚል። ያ ሕገ መንግሥት በ1990 በሚሎሼቪች ዘመን የጸደቀ ነው። የሚሎሼቪች መንግሥት ያኖረው አንቀጽ ራሳቸውን ሚሎሼቪችን አሳልፎ ለመስጠት ዋለ። በዚያው ምሽት በሄሊኮፕተር ወደ ቱዝላ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድ ተወሰዱ።

ጂንጂችን ያነሳሳቸው የፍትሕ ፍቅር ብቻ ነበር ማለት ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። በማግስቱ በብራስልስ የለጋሾች ጉባኤ ተቀምጦ ለተጎዳችው ሀገር 1 ነጥብ 28 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቃል ገባ። ለባዶ ካዝና ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፕሬዚዳንት ኮሽቱኒሳ አሠራሩ ሕግን የጣሰ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ሕዝቡም ሰው በዶላር ተሸጠ እያለ አማ። የኮሽቱኒሳ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ሕግን ለማስከበር የፍርድ ቤት እግድ ሲታለፍ ጥያቄ ያስነሳል። ነገር ግን እግዱ ይከበር ቢባል ኖሮ ተከሳሹን ከነአጃቢዎቻቸው ማን መቼ ዳኛ ፊት ያቆማቸው እንደነበር መልስ የሰጠ ተቃዋሚ አልነበረም።

ቀይ መለዮ ለባሾቹ ነገሩ ወደ እነርሱ እየመጣ መሆኑን ተረዱ። በኖቬምበር 2001 በሄግ የሚፈለጉ ሁለት ወንድማማቾችን እንዲይዙ ከታዘዙ በኋላ አመፁ፤ ከነሙሉ ትጥቃቸው በቤልግሬድ አውራ ጎዳናውን ዘጉ። መንግሥት በጉልበት አልመለሳቸውም። ይልቁንም የደኅንነት መሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች አንስቶ በሌሎች ተካ። የጂንጂች ትልቁ ስህተት የበሬው ግብዣ ሳይሆን ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ታጣቂ አንድ ጊዜ መንግሥትን አስፈራርቶ የፈለገውን ካገኘ ለሁለተኛው ጊዜ አያመነታም። አዛዡ ኡሌሜክ ዜሙን ከተባለው የቤልግሬድ ሠፈር ከተነሳ የወንጀለኞች ቡድን ጋር እጅና ጓንት ነበር።

በፌብሩዋሪ 2003 የዩጎዝላቪያ ስም ከካርታ ላይ በይፋ ተፋቀ፤ ሀገሪቱ ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ ተባለች። በዚያው ወር አንድ የጭነት መኪና የጠቅላይ ሚኒስትሩን አጀብ በአውራ ጎዳና ላይ ሊገጭ ሞክሮ ለጥቂት ሳይሳካለት ቀረ። ጂንጂች እግር ኳስ ሲጫወቱ እግራቸውን ተጎድተው በክራንች ይሄዱ ነበር። ረቡዕ ማርች 12 ቀን 2003፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 3 ቀን 1995 ዓ.ም፣ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ወደ መንግሥት ሕንፃው ሊገቡ ከመኪናቸው ወረዱ። ከ200 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ካለ ሕንፃ መስኮት የቀይ መለዮ ለባሾቹ ምክትል አዛዥ ዝቬዝዳን ዮቫኖቪች ተኮሰ። ጥይቱ ልባቸውን አገኘው፤ ጠባቂያቸውም ቆሰለ። ጂንጂች የ50 ዓመት ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው አለፉ። ኋላ በክሱ እንደተገለጸው ሴረኞቹ ለዕቅዳቸው ሄግ ይቁም የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥተውለት ነበር።

በሕይወት ሳሉ ብዙ ወዳጅ ያልነበራቸውን ሰው ሲቀብር የቤልግሬድ ጎዳና በመቶ ሺዎች ተጥለቀለቀ። መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጆ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎችን ለምርመራ ያዘ፤ ቀይ መለዮ ለባሾቹም በዚያው ወር ተበተኑ። በምርመራው መካከል የሌላ ሰው ዐፅም ተገኘ። የቀድሞው የሰርቢያ ፕሬዚዳንት ኢቫን ስታምቦሊች ከ2000 ምርጫ በፊት ጠፍተው ነበር፤ የገደሏቸውና የቀበሯቸው እነዚሁ መለዮ ለባሾች ሆነው ተገኙ። ጂንጂች በአብዮቱ ዋዜማ ከአዛዡ ጋር ቃል ሲለዋወጡ ያ ግድያ ገና የሳምንታት ዕድሜ ነበረው።

የሄጉ ሥራም አልቆመም። ሚሎሼቪች ፍርዳቸውን ሳይሰሙ፣ የጂንጂች ሦስተኛ ሙት ዓመት ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ2006 በእስር ክፍላቸው ሞቱ። ፓሌ ላይ በሬ የጣሉት ካራጂች በ2008 ቤልግሬድ ውስጥ ተያዙ፤ ጢማቸውን አንዠርግገው፣ ስማቸውን ቀይረው፣ የባህል ሐኪም መስለው ሕመምተኛ ያክሙ ነበር። የጦር አዛዣቸው ራትኮ ምላዲች በ2011 ላዛሬቮ በምትባል የገበሬ መንደር፣ ከዘመዳቸው ቤት ተያዙ። ሁለቱም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ ከከሰሳቸው 161 ሰዎች በስተመጨረሻ ያልተያዘ ተሸሻጊ አልቀረም።

በጂንጂች ግድያ በ2007 የቤልግሬድ ፍርድ ቤት 12 ሰዎችን ጥፋተኛ አለ፤ ኡሌሜክና ዮቫኖቪች እያንዳንዳቸው 40 ዓመት ተፈረደባቸው። ተኳሹም አዛዡም ወኅኒ ወረዱ። ከጀርባ ሆኖ አይዟችሁ ብሏል ተብሎ የተፈረደበት ፖለቲከኛ ግን የለም።