የታይፎይድ ምርመራ መጠሪያ የሆኑት ሐኪም፡ ፕሮፌሰር ፈርናንድ ዊዳል

በአገራችን የጤና ተቋማት ትኩሳትና ራስ ምታት ይዟቸው ለሚመጡ ሕሙማን ከሚታዘዙት የደም ምርመራዎች አንዱ ዊዳል የሚባለው ነው። ስያሜው ይህን ምርመራ ከመቶ ዓመታት በፊት ለሕክምና ካዋሉት ፈረንሣዊ ሐኪም ከፕሮፌሰር ፈርናንድ ዊዳል የተወሰደ ነው።

ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1862 በወቅቱ በፈረንሣይ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው አልጄሪያ፣ ዴሊስ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጦር ሠራዊት ሐኪም ነበሩ። ዊዳልም የሕክምና ትምህርታቸውን በፓሪስ ተከታትለው በከተማዋ ሆስፒታሎች አገልግለዋል።

በዚያ ዘመን የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ በርካታ ሰዎችን ይገድል ነበር። የበሽታው ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1880 በጀርመናዊው ካርል ኤበርት ቢታወቅም፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የቆመ ሐኪም በሽታውን ከሌሎች የትኩሳት ሕመሞች መለየት እጅግ ይቸግረው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1896 ማክስ ግሩበርና ኸርበርት ደርሃም በቪየና ባደረጉት ምርምር፣ በሽታን የመከላከል አቅም ያዳበረ እንስሳ የደም ውሃ (ሴረም) ባክቴሪያዎችን አንድ ላይ እንደሚያጓጉል አረጋገጡ። ዊዳል በዚያው ዓመት ይህንኑ ክስተት ለምርመራ አዋሉት። የሕመምተኛውን የደም ውሃ ከታወቀ የታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ሲቀላቅሉ ባክቴሪያዎቹ ገና በሕመሙ ወቅት እንደሚጓጉሉ ተመለከቱ፤ ግኝታቸውንም በሰኔ ወር ለፓሪስ ሐኪሞች ማኅበር አቀረቡ። የግሩበር ድርሻ እንዳይዘነጋ ምርመራውን ግሩበር-ዊዳል ብለው የሚጠሩትም አሉ።

ይሁንና ምርመራው የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሚያመነጫቸውን ፀረ-እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) ነው። እነዚህ ለመፈጠር ቀናት ስለሚወስዱ በመጀመሪያው ሳምንት ታይፎይድ ያለበት ሰው ውጤት ነፃ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ቀደም ሲል ታሞ የዳነ ወይም የተከተበ ሰው ደም ምላሽ ሊሰጥ ይችላል። በተለይ "ኤች" የተሰኘው ምላሽ ከ"ኦ" ዘግይቶ ቢታይም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ወባና ሌሎች ሕመሞችም የተሳሳተ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ።

በውጤት ወረቀት ላይ የሚሰፍረው 1 ለ 80 ወይም 1 ለ 160 የደም ውሃው እስከ ስንት እጥፍ ቀጥኖ ምላሽ እንደሰጠ የሚገልጽ ነው። በሽታው በተስፋፋበት አካባቢ ጤነኛ ሰዎችም የተወሰነ መጠን ስለሚኖራቸው፣ አንድ ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የተሻለ ማስረጃ የሚሆነው ከ10 እስከ 14 ቀናት ልዩነት በሚወሰዱ ሁለት ናሙናዎች መካከል አራት እጥፍ ጭማሪ መታየቱ ነው። ከዚህም ይበልጥ አስተማማኙ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በሚወሰድ ደም ባክቴሪያውን አሳድጎ መለየት ነው።

ውጤቱ ከሕመሙ ምልክቶችና ከቆይታው ጋር ሳይገናዘብ ሲቀር፣ ሕመምተኛው ለማያስፈልገው መድኃኒት ይዳረጋል፤ የትኩሳቱ እውነተኛ ምክንያትም ሳይታከም ይቀራል። ያለአግባብ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል።

የዊዳል ሥራ በዚህ ምርመራ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የኩላሊት ሕሙማን እብጠት ከጨው ጋር ያለውን ግንኙነት በማጥናት ጨው አልባ አመጋገብ እንዲስፋፋ አድርገዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅትም ለፈረንሣይ ሠራዊት የታይፎይድና የፓራታይፎይድ ክትባት በማዘጋጀት ተሳትፈዋል። በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ፕሮፌሰር፣ እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮም የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበሩ።

ፕሮፌሰር ዊዳል እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1929 በፓሪስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከእሳቸው ዘመን ወዲህ የላቁ የምርመራ ዘዴዎች ቢገኙም፣ ደምን አሳድጎ ለመመርመር የሚያስችል ላቦራቶሪ በሌለባቸው በርካታ ስፍራዎች ዊዳል ዛሬም ያገለግላል፤ ጠቀሜታው ግን ውጤቱን በሚተረጉመው ባለሙያ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው።