ጃኮ ፓስቶሪየስና እንጨት የሚበላው ክር

ባለፈው ክረምት በማኅበራችን የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር። ፍሬት የሌለው ባስ ጊታር በስጦታ አገኘን። ክሮቹ ስላረጁ አዲስ መግዛት ነበረብን፤ ግማሾቻችን ለስላሳው ክር ይሁን አልን፣ ግማሾቻችን ሸካራው። ሸካራውን ያልነው አሸነፍን፣ ተገዝቶ ታሰረ። ድምፁ መቼም ልብ ይሰርቃል! ከጥቂት ወራት በኋላ ክሩን ፈትተን ስናይ ግን ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ በሞረድ የተፋቀ መስሏል። የጃኮ ፓስቶሪየስን ሕይወት በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የተነሳነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ጣጣ ከእኛ በፊት ቀምሶታልና። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለወላጆቻችን ትንሽ እናብራራ። ፍሬት የሚባሉት በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ብረቱ ስላለ ጣት ትንሽ ቢስት እንኳ ድምፁ ቦታውን አይለቅም። ብረቱ ሲነሳ ግን ቦታውን የሚያውቁት ጆሮና ጣት ብቻ ናቸው፤ ልክ እንደ ማሲንቆ ማለት ነው። ጣት ሲንሸራተት ድምፁም አብሮ ይንሸራተታል፣ እንደ ሰው ያለቅሳል።

ጃኮ በ1951 አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት ኖሪስታውን በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ፍሎሪዳ፣ ፎርት ሎደርዴል አካባቢ ነው። አባቱ ዘፋኝና ከበሮ መቺ ስለነበር ልጁም ከበሮ ያዘ። በ13 ዓመቱ ፉትቦል፣ ማለትም የአሜሪካኖቹን ኳስ፣ ሲጫወት የእጁ አንጓ ተጎዳ። ከበሮው እየከበደው ሄደ፤ በኋላ ባስ አነሳ። ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ኮንትራባስም ሞክሮ ነበር። የፍሎሪዳ አየር ግን እርጥበቱ ለጉድ ነው፤ የኮንትራባሱ እንጨት አልቻለውም፣ ተሰነጣጠቀ። ሌላ ኮንትራባስ ከመግዛት ይልቅ ያንን የሚያለቅስ ድምፅ ከኤሌክትሪኩ ባስ ለማውጣት ወሰነ።

በእጁ የገባው የ1962 ፌንደር ጃዝ ባስ ነበር። ራሱ ያወራ እንደነበረው፣ ፍሬቶቹን በቅቤ ቢላ ነቀላቸው። ክፍተቶቹን በእንጨት መሙያ ደፈነ። የተደፈኑት መስመሮች ስለሚታዩ ለዓይንም ምልክት ሆኑለት።

ክሩ ጋ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚመጣው። ለስላሳው ክር ላዩ በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። እንጨት አይጎዳም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ድምፁ ግን ደብዘዝ ያለ፣ ወፍራም ነው። ሸካራው በክብ ሽቦ የተጠቀለለ ስለሆነ ላዩ ጥርስ ጥርስ ይላል። ድምፁ ብሩህ ነው፣ ይጮኻል፣ ይቆያል። ፍሬት ባለው ባስ ላይ ክሩ የሚነካው ብረት ነው። ፍሬት በሌለው ላይ ግን ባዶ እንጨት ላይ ይፈገፈጋል፤ ተጫዋቹ ጣቱን ባንቀጠቀጠ ቁጥር እንጨቱን ይሞርደዋል። ጠንቃቃ ሰው ለስላሳውን ይመርጣል፤ ትክክልም ነው። ጃኮ የመረጠው ሸካራውን፣ ያውም ከማይዝግ ብረት የተሠራውን የእንግሊዙን ሮቶሳውንድ ነው። ከኒኬል ክር ይልቅ እንጨት ላይ የሚጨክነው ይኸኛው ነው።

እንጨቱንስ ምን አደረገው? ፍሎሪዳ የጀልባ አገር ናት። ጀልባ ከውሃ የሚጠብቀውን ኤፖክሲ አምጥቶ ሰሌዳውን ደጋግሞ ቀባው። ሲደርቅ እንደ መስታወት ጠነከረ። ክሩ ከእንግዲህ የሚነካው እንጨቱን ሳይሆን ያንን ጠንካራ ሽፋን ሆነ፤ ድምፁም በዚያው ይበልጥ ጠራ፣ ዘፈነ። እኛ እንግዲህ ክሩን ብቻ ነበር የቀዳነው፤ ሥራውን አልሠራንም።

በ1976 በስሙ የተሰየመው የመጀመሪያ አልበሙ ወጣ። የሚከፍተው የሳክስፎን ተጫዋቾችን የሚያደክመው ዶና ሊ ነው፤ እሱ ዜማውን በባስ ሲጫወት አብሮት ያለው የኮንጋ ከበሮ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ከጆኒ ሚቼል ጋር ሄጂራ በተባለው አልበም ላይ ተጫወተ፣ ዌዘር ሪፖርት የተባለውን ባንድም ተቀላቀለ። በ1977 የወጣው ሄቪ ዌዘር ስሙን በዓለም ናኘው። ቲን ታውን የሚለውን ቁራጭ ራሱ ደረሰው፣ ከበሮውንም ራሱ መታው። ያ የተጎዳ እጅ!

ቀጥሎ ያለውን አሳጥረን እናልፈው ነበር። ግን በእኛም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በር ዘግቶ ዝም ማለት የተለመደ ስለሆነ መጻፉን መረጥን። ጃኮ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ውስጥ ገባ። በ1982 ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ሐኪሞች ተናገሩ፤ ሰውን አንዴ ያለ እንቅልፍ ሰማይ የሚያወጣ፣ አንዴ መሬት የሚጥል ሕመም ነው። ሰው ግን ቀድሞም ለየት ያለ ስለነበር ሕመሙን እንደ ጠባዩ ቆጠረው። ጭፈራውንና እብደቱን ያጨበጨቡለት ነበሩ። በስተመጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ በመናፈሻ የሚያድር ሰው ሆነ። በ1986 ሆስፒታል ገብቶ ታከመ። በዚያው ዓመት ያ ባስ ከመናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰረቀ።

በመስከረም 1987 ፍሎሪዳ ውስጥ ወደ አንድ የምሽት ክበብ ሊገባ ሲል ከበር ጠባቂው ጋር ተጣላ፤ ክፉኛ ተደበደበ። ከዚያ ወዲያ አልነቃም። መስከረም 21 ቀን አረፈ። 35 ዓመቱ ነበር፤ የአራት ልጆች አባት ነበር።

ባሱ ከ20 ዓመት በላይ ጠፍቶ ኖሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ተገኘ። የማን ነው የሚለው ክርክር ሲያበቃ የሜታሊካው ባስ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ ገንዘቡን አወጣ። 

የእኛን ባስ አንድ አናጢ ጋ ወስደን ሰሌዳውን አስተካክሎልናል። ለጊዜው ለስላሳውን ክር አስረንበታል። ኤፖክሲ እንቀባ ያሉ አሉ፣ ታበላሹታላችሁ ያሉም አሉ። ሸካራው ክር በመሳቢያው ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።