ዶክተር ጁዳ ፎክማን፦ የካንሰር ዕጢን የደም ስሮች ያጠኑ ሐኪም

ዶክተር ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የአይሁድ ሃይማኖት መሪ ነበሩ፤ በሆስፒታል የተኙ ሕሙማንን ሊጠይቁ ሲሄዱ ልጃቸውን ያስከትሉ ነበር። ፎክማን በ1957 ከሃርቫርድ በሕክምና ተመርቀው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆኑ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሲያገለግሉ፣ ከእንስሳ የተወሰደ የታይሮይድ ዕጢ ከሰውነት ውጭ በሕይወት እንዲቆይ አድርገው የካንሰር ሕዋሳትን ጨመሩበት። ሕዋሳቱ ጥቂት ሚሊሜትር ያህል አድገው ቆሙ፤ ግን አልሞቱም። ወደ ሕያው አይጥ ሲዛወሩ በፍጥነት ማደግ ጀመሩ። ልዩነቱ የደም ስር ነበር፤ በሕያው እንስሳ ውስጥ ዕጢው ኦክስጅንና ምግብ የሚያመላልሱለት አዳዲስ የደም ስሮች በቅለውለታል።

ፎክማን በ1971፣ የቦስተን ሕፃናት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ሳሉ፣ ዕጢው የደም ስር የሚያበቅል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህን ማገድ ከተቻለ ዕድገቱን መግታት ይቻላል ሲሉ ጻፉ። ብዙ ተመራማሪዎች አልተቀበሏቸውም። በ1984 ግን የቤተ ሙከራቸው ባልደረቦች እንዲህ ያለ ፕሮቲን ለይተው ማውጣታቸውን አሳወቁ።

በ1998 ከቤተ ሙከራቸው የወጡ ሁለት ንጥረ ነገሮች በአይጦች ላይ ዕጢን እንዳጠፉ በጋዜጣ ሲዘገብ፣ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው መድኃኒቱን ፍለጋ ስልክ አጨናነቁ። ፎክማን ውጤቱ የታየው በአይጥ ላይ ብቻ መሆኑን ደጋግመው አስገነዘቡ። በሰው ላይ ሲሞከሩም የታሰበውን ያህል አልሠሩም። በ2004 ግን በእርሳቸው ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ቤቫሲዙማብ ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ካንሰር በአሜሪካ ተፈቀደ። ከኬሞቴራፒ ጋር ሲሰጥ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ብቻውን አያድንም።

ይህ ታሪክ ዛሬ ስለ ዕፅዋት የሚነገረውን ለመመዘን ይረዳል። ከእርድና ከጥቁር አዝሙድ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራና በአይጦች ላይ አዲስ የደም ስር እንዳይበቅል ሲያደርጉ ታይቷል። በሰው ላይ ግን ካንሰርን እንደሚፈውሱ አልተረጋገጠም። ከዕፅዋት የተገኙ እውነተኛ የካንሰር መድኃኒቶች አሉ፤ ለምሳሌ ቪንክሪስቲን የተገኘው ከማዳጋስካር ተክል ነው። ሆኖም መድኃኒት የሆነው ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱም በሰው ላይ ተጠንቶ ነው።

ወጥ ውስጥ የሚገባው ቅመም እምብዛም አያሳስብም። በእንክብል ወይም በተጨመቀ መልክ በብዛት የሚወሰደው ግን የኬሞቴራፒን አሠራር ሊያዛባ፣ በተለይም እንደ ቤቫሲዙማብ ካሉ መድኃኒቶች ጋር ወይም ከቀዶ ሕክምና በፊት የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የሚወስዱትን ማንኛውንም የባህል መድኃኒት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታዘዘልዎትን ሕክምናም በእሱ አይተኩ።

ዶክተር ፎክማን በጥር 2008 ወደ ስብሰባ ሲጓዙ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ በልብ ድካም በ74 ዓመታቸው አረፉ። በ1971 ሐሳባቸውን ከጻፉ በኋላ የመጀመሪያው መድኃኒት ለሕሙማን እስኪደርስ 33 ዓመት ፈጅቷል።